ካሜራቸው ብቻ የተገኘላቸው ልጆች ለቅሶ

የልጅ ልጄ ሃይማኖት ከቤሩት ከተመለሰች ወዲህ መናኸሪያው አጠገብ የስልክ ዕቃ መሸጫ ከፍታለች። እኔም ጉልበቴ እሺ ያለኝ ዕለት በባጃጅ እወርድና ከበሩ ሥር ወንበር ይዤ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ። ባለፈው ሰሞን ገዢ ጠፍቶ ሃይማኖት ስልኳን ካርቶን ላይ አስደግፋ ፊልም ታያለች። እኔ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው፤ ጆሮዬ ግን ሰማ። የሚሮጥ ሰው ትንፋሽ ነው። ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ አንዲት ሴት የአንድ ሰው ስም ደጋግማ ትጣራለች፤ የሚመልስላት የለም። ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

«አወቅሁት» አልኋት።

«ምኑን እማማ?»

«ፊልሙን። ሰዎቹ ይጠፋሉ፤ ካሜራቸው ብቻ ይገኛል።»

ሃይማኖት ዞራ አየችኝ። «ይኼ እኮ ገና ዘንድሮ የወጣ ነው። የት አይተውት ነው?»

«ይኼንን አላየሁትም። ታላቅ ወንድሙን ነው ያየሁት።»

«ይፈራሉ እንዴ?»

«እፈራለሁ እንጂ። ወደ እኔ አዙሪው፤ ልይ።»

አሁን ከሱቋ ፊት ለፊት ያ ባለመስታወቱ ፎቅ የቆመበት ቦታ የኛ ቤት ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከጀርባው ባሕር ዛፍ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመንገድ ዳሩን ክፍል ለቪዲዮ ቤት አከራየው። ያን ጊዜ በደብረ ታቦር ቴሌቪዥን ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። ዳቦ በስሙኒ ይገዛል፤ ያውም ሁለት እጅ የሚሞላ ዳቦ። ልጃገረዶቹ ሽብሽቦ ቀሚስ ላይ ሹራብ ይደርባሉ፤ ጎረምሶቹ ኮንጎ ጫማቸውን በውኃ አብሰው ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ። ከማዶ ያለው ካሴት ቤት ቀጥሮ ስለቀረ ሰው የሚዘፈን አንድ የማሲንቆ ዘፈን ነበረው፤ ካሴቱ እስኪላላ ድረስ እሱኑ ሲያዞር ይውላል። አሁን እዚያው ጥግ ላይ ባጃጆቹ ሁሉም የየራሳቸውን ዘፈን ያጮሃሉ፤ አንዱንም ለይቼ አልሰማውም። የቪዲዮ ቤቱ መግቢያ ሽልንግ ነበር። አግዳሚው ከግንድ የተፈለጠ ነው፤ መስኮቱ በግራጫ ብርድ ልብስ ይጋረዳል፤ በጠራራ ፀሐይ ገብቶ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ነው። ሽታው የእርጥብ ጋቢና የእግር ላብ፤ መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ የጄነሬተሩ ቤንዚን ይጨመርበታል። እኔ በሩ ላይ ዳቦ ቆሎ ስለምሸጥ መግቢያ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ባለ ቪዲዮው ጌታሁን ይባላል፤ ያንበሳሜ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ምላሱ እንደ ወፍጮ የማያርፍ። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፈረንጆቹ የሚሉትን ወደ እኛ ቋንቋ ያመጣልናል። እንግሊዝኛውን የት እንደተማረው እግዜር ይወቅ። በሱ ትርጉም የፈረንጅ አገር ሰው ሁሉ ደም መላሽ ነው፤ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ሻይ ሲጠጡ እንኳ ጌታሁን «የአባቴን መሬት ትመልሳለህ አትመልስም» ያሰኛቸዋል። ማንም አይቀየመውም። እንዲያውም ሳይተረጉም ዝም ያለ ጊዜ «ምን አሉ ጌታሁን? ዛሬ ተጣላኸን?» ይሉታል።

አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ልባስ የሌለው ካሴት ይዞ መጣ። ቅዳሜ ነበር፤ ቤቱ ገበያተኛ ሞልቶታል። ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመና «ወገኖቼ፣ ይኼ እንደ ሌላው ፊልም አይደለም» አለ። «አክተር የለውም። አራት ልጆች ካሜራ ይዘው ተራራ ወጡ። ካሜራው ተገኘ፤ እነሱ አልተገኙም። ልቡ የማይችል ከአሁኑ ይውጣ።» ማንም አልወጣም።

እውነቱን ለመናገር የፊልሙ ጉድለት ብዙ ነበር። ምስሉ አይረጋም፤ ከፊት ከተቀመጡት ራሳቸው ዞሮ ደጅ ወጥተው ያስመለሱ አሉ። ግማሹን ጊዜ የምናየው መሬትና የሰው ጫማ ነው። የሚያሳድዳቸው ነገር መጣ መጣ ይባላል እንጂ አይመጣም። ልጆቹ ተራራው ላይ ባዶ የገበሬ ቤት ያገኛሉ፤ ሰው የለም፣ ምድጃው ግን ገና ትኩስ ነው፤ ዘው ብለው ይገባሉ። «ቤቶች አይሉም እንዴ? ምን ያሉ ባለጌዎች ናቸው» አለ አንድ ባላገር። «ሰውዬው ከብት ሊመልስ ሄዶ ይሆናል እኮ» አለ ጎኑ ያለው። አንዲት አሮጊት ደግሞ «ካራቱ አንዳቸው እንኳ ማተብ አላሰሩም፤ ታዲያ ማን ይጠብቃቸው» አለች። ሩጫው ሲመጣማ ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። «ጣለው አንተ ሰው፤ ሕፃን አይደለም ያዘልኸው» ይሉታል ካሜራ ያዡን። እሱ አይጥልም። ነፍሱ ልትወጣ ነው፣ እሱ ሥዕል ያነሳል።

ግን ደስ ይላል፤ ይኼን ለማን ይናገሩታል? በሌላው ፊልም ሰዎቹን ከሩቅ አያቸዋለሁ። በዚያኛው ግን ካሜራውን የያዝሁት እኔው ራሴ ይመስለኝ ነበር፤ ዞር በል ሲሉት እኔ እዞራለሁ፤ ጨለማው ውስጥ ሲገባ የምገባው እኔ ነኝ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላም ጾም ነው ሳልል ዳቦ ቆሎዬን በጨርቅ ሸፍኜ እገባ ነበር። ሕሊናዬ ሲወቅሰኝ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው።

«ምን አየሽ?» አሉኝ።

«ሰው ሲጠፋ አየሁ፣ አባ።»

«አዝነሽ ነው ያየሽው?»

«ፈርቼ።»

«ፈርተሽስ?»

«ደስ አለኝ።»

«እንግዲህ ስትሰግጂ ትሰነብቻለሽ» አሉኝ። ሰገድሁ። ስጨርስ ተመልሼ ገባሁ።

ያ የመጀመሪያው ቅዳሜ ግን እንዲህ በሳቅ አላለቀም። እህቴ እትዬ አለሚቱም ያን ቀን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ነበረች። ከገሳይ ማዶ ነው አገሯ፤ ድንችና ገብስ ይዛ ቅዳሜ ትመጣለች፣ እኔ ዘንድ አድራ እሑድ ትመለሳለች። አንድ ልጅ ነበራት፣ ጋሻው የሚባል፤ ወታደር ሆኖ ወጣና ቀረ። የትኛው ዘመቻ እንደሆነ አላነሳም፤ ለእናት ሁሉም አንድ ነው። ከአብሮ አደጎቹ የመጣው መጣ፤ ያልመጣውም መርዶው መጣ፣ ቤተሰቡ አልቅሶ እርሙን አወጣ። የጋሻው ግን እሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። በኛ አገር መርዶ ሳይነገር አይለቀስም፤ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ማልቀስ ሟርት ነው። ስለዚህ እትዬ ዝም ብላ ኖረች። ቅዳሜ ማታ እኔ ጎን ስትተኛ እንቅልፍ ይዟት አያውቅም፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ቀና ብላ ታዳምጣለች። እኔም አብሬ አዳምጥ ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው ይወድቃል። በጎኑ ወድቆ ሣር ያያል፤ አጠገቡ አንድ ባዶ ጫማ አለ። ነፋስ ሣሩን ያወዛውዘዋል። ይቆያል፤ በጣም ይቆያል፤ ምንም አይመጣም። ከዚያ ጨለማ ነው። ሌላ ጊዜ ፊልም ሲያልቅ ሰዉ ተጋፍቶ ይወጣል፤ ያን ቀን የተነሳ አልነበረም።

«ተገኙ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አልተገኙም አልኋችሁ» አለ ጌታሁን።

«አስከሬናቸውስ?»

«ምንም።»

«እናት አላቸው?»

ጌታሁን ለዚህ አልተዘጋጀም። ትንሽ አሰበና «አላቸው» አለ።

ያን ጊዜ አንዱ ገበሬ ኮፍያውን አወለቀ። ሌላው ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። «ነፍስ ይማር» አለ አንድ ሽማግሌ፤ «አሜን» ተባለ። እትዬ ተነሳች፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና «ክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አለችው ጌታሁንን።

«አይታወቅም፣ እማማ።»

«እሱ ያውቀዋል» አለች ወደ ላይ አይታ። ከዚያ ሙሾ አወጣች፤

ተራራ ወጣ አሉኝ ሜዳውን ጨርሶ፣
ማን አየው ሲወድቅ፣ ማን አየው ተመልሶ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ደጅ ወረፋ የሚጠብቁት «ማን ሞቶ ነው?» እያሉ እየተከናነቡ ገቡ። ጌታሁን መካከል ቆሞ ሪሞቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ቀረ፤ ፊልም ነው እንዳይል እውነት ነው ብሎ አስገብቷል፤ ዝም እንዳይል ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆኗል። ያን ቀን ሁለተኛው ፊልም ሳይታይ ቀረ። እኔ ግን ሙሾው ከጆሮዬ አልወጣልኝም። የጠፉት አራት ናቸው፤ አንዷም ሴት ናት። እትዬ ያለቀሰችው ለአንድ ወንድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው መጣች። ድንቿን ትሸጥና ትገባለች፤ ሌላው የሚወደውን ሩጫውን አታይም፣ መሬት መሬት ታያለች። ካሜራው ሲወድቅ ቀና ትላለች። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅሳለች። ወሬው በገበያው ተሰማ፤ የመጀመሪያ ሰሞን የጠፋ ሰው ያላቸው ሴቶች ከየአገሩ እየመጡ አብረዋት ተቀመጡ። እየዋለ ሲያድር ግን ጎረምሶቹ ሰለቻቸው። «ጌታሁን፣ ቪዲዮ ቤት ነው የከፈትኸው ተዝካር ቤት?» ይሉታል። ካሴቱን ባሕር ዳር ወስዶ በሌላ ሊለውጠው አሰበ፤ እትዬ ሰምታ «ለፋሲካ ለውጠው፤ እስከዚያ ተወው» ብላ ለመነችው። ከዚያ በፊት ለምና አታውቅም፤ የተበደረችውን ሰፌድ እንኳ ሳትጠየቅ የምትመልስ ኩሩ ሴት ነበረች።

ጌታሁን ይኼን መቻል አቃተው። አንድ ቅዳሜ ጧት እትዬ ጓሮ ተቀምጣ ድንች ስትለይ መጣና ፊቷ ቁጢጥ አለ። እኔ የጓሮው በር ላይ ነበርሁ።

«እማማ አለሚቱ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ አይቀየሙኝ።»

«ተናገር።»

«ያ ፊልም ውሸት ነው። ልጆቹ አልሞቱም። ተከፍሏቸው የሠሩት ነው። ሲጨርሱ ቤታቸው ገብተው እራታቸውን በልተዋል።»

እትዬ ድንች መልቀሟን አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለችው።

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል። የሚያሳድዱት ሰው ዕቃ ተሸክሞ አይሮጥም። እኔ ጅብ ያባረረኝ ቀን፣ እንኳን እንስራዬን መቀነቴንም ጥያለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል?»

«የት ላልቅስ?» አለችው፤ ቀና ብላ አየችው። «ቤቴ ባለቅስ ጎረቤት ታሟርታለች ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ባለቅስ ቄሱ ማን ሞቶብሽ ነው ይሉኛል። መርዶ ሳይነገር የሚለቀስበት ቤት ያንተ ብቻ ነው።»

የጌታሁን ምላስ ሲቆም ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

«አሁን እኔም አንድ ነገር ልለምንህ» አለችው። «ለማታውቃቸው ልጆች፣ ላልሞቱት፣ ደረትህን ነፍተህ አልተገኙም ስትል ማንም አልከለከለህም። ለኔም በልልኝ።»

«እማማ፣ እኔ ምን አውቄ?»

«ማንም አያውቅም። እኔ ግን ደጅ ደጁን እያየሁ መሞት አልፈልግም።»

ጌታሁን ተነስቶ ሄደ። ያን ቀን ቪዲዮ ቤቱ አልተከፈተም። በማግስቱ ባለቤቴን «ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀው፤ ነገሩም እትዬ አገር ወርዶ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። «ሞቱ ላልታወቀ ሰው መርዶ? ነገ በበሩ ቢገባስ ምን ልንለው ነው?» አሉ። ያለዘቧቸው የእትዬ ንስሐ አባት ናቸው፤ በጣም ያረጁ፣ ድምፃቸው እንኳ የማይሰማ ቄስ። «ቢገባ እልል እንላለን» አሉ። «የተጸለየ ጸሎት አይጠፋም። ሞቶ ከሆነ ፍትሐት ይሆነዋል፤ በሕይወት ካለም ስንቅ ይሆነዋል። እሷን ግን ከደጁ አንሷት።»

መርዶ የሚነገረው ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ጎህ ሲቀድ ሄድን። የጉና ነፋስ ይጋረፋል፤ ገብሱ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ጌታሁን አንድ ስስ ሸሚዝ ለብሶ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ይንቀጠቀጣል። እትዬ ቀድማን ተነስታ ነበር። ቤቷን ጠርጋ በሩን ከፍታለች፤ መደቡ ላይ የጋሻውን ቡናማ ኮት ዘርግታዋለች፤ ሲሄድ ትቶት የሄደው፣ ከሰልባጅ ተራ የገዛው ኮት ነው። ማን እንደሚመጣባት እያወቀች በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ እግር እግራቸውን አዩ። አንዱ አንዱን ይጎነትላል እንጂ አፍ የሚከፍት ጠፋ። ጌታሁን ከኋላ ወጣ፤ ኮፍያውን አወለቀ።

«እማማ አለሚቱ» አለ። «ጋሻው አልተገኘም።»

ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«አይገኝምም።»

ሌላ ቃል አልጨመረም።

«እግዜር ይስጥህ» አለችው። ከዚያ ጮኸች። ብዙ ለቅሶ ቤት ውዬ አድሬአለሁ፤ እንደዚያ ያለ ጩኸት ግን ሰምቼ አላውቅም። ከጋራው ማዶ ሰው ወረደ፤ እርሻ ላይ የነበረው በሬውን ፈቶ መጣ። ኮቱን ከበው አለቀሱለት፤ ወጉ ሁሉ ደረሰው። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ልንመለስ ስንነሳ እትዬ ኮቱን ከመደቡ አነሳችና ጌታሁን ትከሻ ላይ ጣለችው።

«እማማ፣ ይኼን እኔ እንዴት እወስዳለሁ?»

«ብርድ ነው፤ ልበሰው። ልብስ ሰው ይፈልጋል።»

እጅጌው ረዝሞበት ነበር፤ አጠፈችለት።

ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ተኛች። ቅዳሜ ማታ እኔ ጎን ጋደም ስትል ወዲያው ትንፋሿ ይረዝማል፤ ውሻ ቢጮህ አትሰማም። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ውሻው ይጮሃል፤ ባይሞትስ እላለሁ፤ አሁን መንገድ ላይ ቢሆንስ፣ መርዶውን ነግረን ለቅሶውን ጨርሰን እሱ ገና እየመጣ ቢሆንስ? ቀን ደግሞ ኮቱ አለ። ገበያ መሐል ያ ቡናማ ኮት ከሰው ሁሉ መካከል ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲሄድ ልቤ ቀጥ ትላለች። ጌታሁን መሆኑን አውቃለሁ፤ ዞሮ «እንዴት ዋልሽ» እስኪለኝ ድረስ ግን አላምንም። እሱም ከዚያ ወዲያ ለገሳይ መንገድ ሰበብ አያጣም፤ አንዴ ጨው፣ አንዴ ሳሙና ይዞላት ይወርዳል። ቪዲዮ ቤቱ ዲሽ ሲመጣ ተዘጋ፤ ጌታሁን አንበሳሜ ተመልሶ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ከፈተ። ካሴቱ የት እንደደረሰ አላውቅም።

ይኼን ሁሉ ለሃይማኖት ስነግራት ስልኳን አጥፍታ ነበር። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን ጠየቀችኝ፤ «ታዲያ በኋላ መጣ?»

«አልመጣም።»

«መሞቱን ግን እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም» አልኋት።

እትዬ አለሚቱ ያረፈችው ካረጀች በኋላ ነው፤ በሰኔ፣ ጭቃው ጉልበት በሚውጥበት ወቅት። ቀባሪው ብዙ ነበር። ሣጥኑ ወርዶ ጸሎቱ ሲያልቅ ቄሱ ቀና ብለው ሰዉን ቃኙ፤ መጀመሪያ አፈር የሚያለብሳት ልጇ ነው፣ ልጅ ደግሞ የላትም። የወንድሞቼ ልጆች አንተ ቅደም አንተ ቅደም ተባባሉ። ያን ጊዜ ከጽዱ ሥር አንድ ሰው ወጥቶ በፊቴ አለፈ። በዚያ ዝናብ ቡናማውን ኮት ለብሷል፤ ክርኑ ተጥፏል፣ አንገትጌው አልቋል፤ የሚለብሰው ኮት አጥቶ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከኋላው ነበርሁ። ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲሄድ ጭቃውን ሳያይ የሚረግጥ፣ ልክ እንደ ጋሻው። ስሙ አፌ ላይ መጣ፤ የጌታሁን አይደለም፣ የዚያኛው። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትሁት። እሱ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተንበርክኮ አፈሩን በሁለት እጁ ዘገነ፤ ድንጋዩን በጣቱ ለቀመና ወደ ጎን አስቀመጠ፤ ከዚያ ቀስ አድርጎ አለበሳት።